አሥሩ መነሻዎቼ

ባለፈው ሳምንት የልጄ የትምህርት ቤት ሸሚዝ ቁልፉ ተበጥሶ ምትክ ስፈልግ፣ የአባቴን የቁልፍ ጣሳ ከቁም ሣጥኑ አናት ላይ አውርጄ ክዳኑን ስከፍተው፣ ከቁልፎቹና ከዛጉት መርፌዎች ሽታ ቀድሞ ሌላ ሽታ ወጣ፤ ጣፋጭ፣ ዱቄት ዱቄት የሚል፣ የድሮ ማስቲካ ሽታ። ከቁልፎቹ ሥር ከአራት ዓይነት ቁርጥራጭ የተሰፋች ትንሽ የጨርቅ ከረጢት ነበረች። ሳልፈታት ምን እንዳለባት ስላወቅሁ፣ ክዳኑን በእጄ እንደያዝሁ የአልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥሁ።

ባለቤቴ ካረፈ አምስት ወር ሊሞላው ነው። በእነዚህ ወራት በቤቱ ውስጥ የማነሳው ዕቃ ሁሉ እሱን እያስታወሰ ሲያስለቅሰኝ ነው የከረመው። ይህች ከረጢት ግን ከእሱም በፊት ወደነበረ ዘመን ወሰደችኝና ሳላስበው ፈገግ አልሁ። እሱም ቢሆን ታሪኳን ይወዳት ነበር፤ ተወልዶ ያደገው አሰላ ስለሆነ እኔ ስላደግሁባት ሐረር የምነግረውን ግማሹን ባያምንም፣ ቤታችን እንግዳ በመጣ ቁጥር «እስቲ የጅቡን ንገሪያቸው» ይለኝ ነበር። አሁን ንገሪያቸው የሚለኝ ስለሌለ ልጽፈው ተቀመጥሁ። ቀስ ብዬ ነው የምጽፈው፤ አንዳንድ ቀን ከአራት መስመር አያልፍም።

መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመታት አልፈው ነበር፤ እኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር፤ የሚሠራውም መኪና ግርግር በሚባለው፣ ግራና ቀኙ የስፌት መኪና በተደረደረበት፣ ስሙንም ከመኪናዎቹ ጫጫታ ባገኘው ጠባብ መንገድ ላይ ነበር። ቤታችን አሮጌውን ከተማ ከከበበው ከጀጎል ግንብ ውጭ፣ ሸዋ በር አካባቢ ስለነበረ በየቀኑ እየተመላለሰ ሲሠራ ኖሮ፣ እግሩን መታመም ሲጀምረው፣ በጥር ወር ዕቃችንን በሁለት አህያ ጭነን ወደ ጀጎል ገባንና ፈላና በር አጠገብ አዴ ፋጡማ በሚባሉ ትልቅ ሴት ግቢ ሁለት ክፍል ተከራየን። መንገዱ በእግር ሩብ ሰዓት አይሞላም ነበር፤ ለእኔ ግን ሌላ አገር የሄድሁ ያህል ነበር። ከግንቡ ውጭ ሄለን የምትባል፣ ከእኔ ጋር አንድ ዴስክ ላይ የምትቀመጥ ጓደኛ ነበረችኝ። ትምህርት ቤት ስቀይር ከእሷም ተለያየሁ፤ በግንቡ ውስጥ ማንም አልነበረኝም።

የበጋው አቧራ ሳያባራ የሰፈሩን ልጆች ከሩቅ ማየት ጀመርሁ። ከግቢያችን ፊት ለፊት ሰፊ የድንጋይ ደረጃ ነበረ፤ ከሰዓት በኋላ ጥላ ሲያርፍበት ሰባት ስምንት ልጆች ይሰበሰቡበትና ካርድ ይጫወቱ ነበር። ካርዶቹ ከጅዳ የሚመጣ ማስቲካ ውስጥ የሚገኙ፣ የእንስሳት ሥዕል ያለባቸው ነበሩ፤ እያንዳንዱ ከሥዕሉ ሥር ከአንድ እስከ አሥር ቁጥር፣ ዙሪያውን ደግሞ ቀይ ወይም ቢጫ ወይም አረንጓዴ ጠርዝ ነበረው። የሰፈሩ አለቃ ሙና ነበረች፤ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነበር፣ አጎቷ ጅዳ ስለሚሠራ ካርዶቹ በጫማ ካርቶን ሙሉ የሚመጡት ለእሷ ነበር። ጨዋታውን ራሳቸው ፈጥረው «ጀጎል» ብለውታል። እያንዳንዱ ተጫዋች አሥር ካርድ ይይዛል፤ አምስቱን ፊታቸውን ደፍቶ በፊቱ ይደረድራል፣ እነሱ የግንቡ አምስት በሮች ናቸው፤ አምስቱን በእጁ ይዞ በተራው የሌላውን በር ይመታባቸዋል። የሚመታው ካርድ ቁጥሩ ከበለጠ በሩ ተሰበረ፣ ካነሰ ካርዱ ተማረከ። አንድ ሌላ ሕግም ነበረ፤ ከተመታው በር ግራና ቀኝ ያሉት በሮች ጠርዛቸው ከእሱ ጋር አንድ ቀለም ከሆነ ይገለጡና ቁጥራቸው ይደመርለታል፤ «ጎረቤት ደረሰለት» ይባላል። ሦስት በር የተሰበረበት ተሸነፈ።

አዲስ ልጅ መግባት የሚችለው ሙና ስትፈቅድ ብቻ ነበር፤ አገባቡም ወግ ነበረው። ካርቶኑ አንድ ጊዜ ይከፈትለታል፣ ሁሉም ከቦ እያየው መነሻ አሥሩን ይመርጣል፣ የከሰዓቱ ስግደት፣ የአሱር አዛን ሲሰማ ካርቶኑ ይዘጋል። ከዚያ በኋላ እስከ መስከረም ድረስ መቀየር የለም፤ ያለው በማሸነፍ ወይም ሌላው ፈቅዶ በመለዋወጥ ነው። አሥሩንም የጨረሰ ልጅ እስከሚቀጥለው ዓመት ደረጃው ላይ አይቀመጥም። ሌላ መጫወቻና ሌላ ጓደኛ ስለሌለኝ፣ ለእኔ ይህ ማለት አንድ ዓመት ሙሉ ግቢ ውስጥ መቀመጥ ነበር።

እናቴና አዴ ፋጡማ ከተዋወቁ ገና ጥቂት ወራቸው ቢሆንም በአንድ ነገር ፈጥነው ተስማምተው ነበር፤ ጨዋታው ቁማር መሆኑን። እናቴ ስታማትብ፣ አዴ ፋጡማ «ወላሂ ሐራም ነው» ይሉ ነበር። ብርም ሳንቲምም እንደሌለበት ብናገርም የሰማኝ አልነበረም። አባቴ ግን አንድ ቀን ከሥራ ሲመለስ ያችን ከአራት ቁርጥራጭ የተሰፋች ከረጢት ከኪሱ አውጥቶ ሰጠኝ። «አሥር ይበቃታል፤ በአሥር ነው የለካኋት» አለኝ። ከረጢቱ ተሰፍቶ ካርዱ ገና አለመኖሩ እንቅልፍ ነሳኝ።

በሚያዝያ፣ የበልጉ ዝናብ በጀመረበት ሰሞን፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ አዴ ፋጡማ በረንዳቸው ላይ አዲስ የስንደዶ ስፌት ሲጀምሩ አገኘኋቸው። ግድግዳቸው ላይ በየመጠኑ የተሰቀሉት ስፌቶች የእጃቸው ሥራ ነበሩ፤ ሴቶች ከሩቅ ሰፈር ድረስ እየመጡ ልጆቻቸውን እሳቸው ዘንድ ያስተምሩ ነበር። የዚያን ቀን አንዲት ተማሪ ከፊታቸው ከተዘረጋው ቀለም ከገባው ስንደዶ ቀዩንና ቢጫውን ብቻ እየመረጠች ስትሰበስብ፣ ከእጇ ወሰዱባትና አረንጓዴውን ሰጧት። ልጅቷ አኮረፈች።

«ቀዩ አያምርም እንዴ?» አልኋቸው እኔ፤ ለእሷ አዝኜ።

«ያምራል» አሉ ወስፌያቸውን ሳያቆሙ። «ግን ቀይ አበባው ነው። መጀመሪያ መሬቱን ያዢ። መሬት የሌለው አበባ የት ይቀመጣል?»

እኔ ከዚያ በፊት ልጆቹ መነሻቸውን ሲመርጡ አይቼ ነበር። ሁሉም መጀመሪያ የሚያነሡት ትልልቁን ቁጥር ነበር፤ ስለ ቀለሙ ግድ የነበረው አንድም አልነበረም። የጎረቤቱን ሕግ ሁሉም ያውቀዋል፤ ሲደርስላቸው ይስቃሉ፣ አስቦበት ግን የሚደረድር አላየሁም።

በነጋታው ሙና በደረጃው ላይ ሆና በጣቷ ጠራችኝ። «አንቺ የልብስ ሰፊው ልጅ፣ ከመስኮት ማየት አልሰለቸሽም?» አለችኝ። ካርቶኑ ተከፈተ። ያ የማስቲካ ሽታ ለመጀመሪያ ጊዜ በአፍንጫዬ የገባው ያኔ ነው። አንበሳው ባለ አሥሩ ከላይ ነበረ፤ ልጆቹ ሁሉ እጄን ያዩ ነበር። አንበሳውን አንሥቼ አየሁትና መልሼ አስቀመጥሁት፤ ጠርዙ ቀይ ነበር። ከዚያ አረንጓዴዎቹን መፈለግ ጀመርሁ። አረንጓዴ ጠርዝ የተሰጣቸው በአብዛኛው ደካሞቹ ነበሩ። ዶሮ ባለ ሦስት፣ ፍየል ባለ አራት፣ አህያ ባለ አምስት፣ ኤሊ ባለ ሦስት አነሣሁ። ልጆቹ መሣቅ ጀመሩ።

«ቅጥር ነው የምትሠሪው ወይስ የዶሮ ቤት?» አለች ሙና።

ጆሮዬ እስኪግል አፈርሁ፤ ግን አላቆምሁም። ለእጄ አምስት መካከለኛ ካርዶች መረጥሁ፤ ጎሽ፣ አዞ፣ ነብርና ሌሎች ሁለት፣ ከስምንት ያልበለጡ፣ ከስድስት ያላነሱ። ዘጠኝ ሆኑ። አሥረኛው አረንጓዴ መሆን ነበረበት፣ የቀረው አረንጓዴ ግን አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም ጅብ፣ ቁጥሩም ሁለት። እሱን ሳነሣ አዛኑ ተሰማ። ሙና ካርቶኑን ዘጋችና «አላህ ያግዝሽ» አለችኝ፤ ከልቧ ያዘነችልኝ ትመስል ነበር።

ማታ አባቴ አሥሩንም አንድ በአንድ እያገላበጠ አያቸው። ለምን እንደመረጥኋቸው ስነግረው ሰማኝና፣ ልብስ ሲቆርጥም ከገበሩ እንደሚጀምር ነገረኝ። ካርዶቹንም መልሶ ከረጢቷ ውስጥ ከተተልኝ። ያን ማታ ያልሣቀብኝ ሰው በዓለም ላይ አንድ ብቻ እንደሆነ አስታውሳለሁ።

ክረምት ሲገባ ትምህርት ተዘጋና በየቀኑ መጫወት ጀመርን። በመጀመሪያው ሳምንት ሁለት ጊዜ ተሸነፍሁ፤ በሮቼን በትክክል መደርደር ገና አላወቅሁም ነበር። ከዚያ ጅቡን መሃል፣ ፍየልና አህያን በግራና በቀኙ፣ ዶሮና ኤሊን ዳርና ዳር ሳደርግ በሮቼ ጠነከሩ። ያጣኋቸውን መልሼ አገኘሁ። ልጆቹ ግን አሁንም በዕድል የማሸንፍ ይመስላቸው ነበር፤ ስሜንም ሰናይት ብለው አይጠሩኝም፣ «የውጪዋ» ነበር የሚሉኝ።

በነሐሴ ግን ነገር ተለወጠ። ዝናብ አባሮን በአዴ ፋጡማ በረንዳ ላይ ስንጫወት፣ እሳቸው ከስፌታቸው ቀና ብለው ጅቡን አዩት። እስቲ አምጪው አሉኝ፤ ሰጠኋቸው፤ ቁጥሩን ሙና አነበበችላቸው።

«ሁለት?» አሉ። «ዶሮ ሦስት ሆና ጅብ ሁለት?»

ሙና ከማስቲካው እንደዚያ ተጽፎ ነው የመጣው ብትላቸው፣ የጻፈው ሰው ጅብ አይቶ አያውቅም አሉ። በአሹራ በዓል ገንፎ ላይ ቅቤ አድርገን የምናበላው፣ በግንቡ ቀዳዳ ገብቶ የከተማውን ጥራጊ የሚጠርግልን፣ እንዴት ከዶሮ ያንሳል ብለው ተቆጡ። ቁማር ነው የሚሉት ሴትዮ ያን ቀን ሕግ አወጡልን። ሙና እስክሪብቶ አምጥታ ሁለቱን ሰረዘችና ዘጠኝ ጻፈች፤ ልጆቹም ሁሉ ተስማሙ።

እኔ ከሁሉም የተናቀውን ካርድ ይዤ በአንድ ከሰዓት ባለጠጋ ሆንሁ። ሙና ዕለቱን ወደ ጎን ወስዳኝ ጅቡን በአንበሳዋ እንድለውጣት ጠየቀችኝ። አንበሳው በእጄ ሲገባ እስካሁን ይታወሰኛል፤ ግን ጅቡ ከወጣ መሃሉ ይከፈታል፤ አንበሳው ደግሞ ቀይ ነው። እምቢ አልኋት። በዘጠኙም ያን ያህል አልተመካሁም፤ ከግንቡ ውጭ ያሉ ልጆችም በዚያው ካርድ እንደሚጫወቱ፣ እነሱ ዘንድ ጅብ ሁለት እንደሆነ አውቅ ነበር። ይህን ግን ለማንም አልነገርሁም፤ «የውጪዋ» ማለታቸውን ማባስ መሰለኝ።

ክረምቱ ሲወጣ፣ በመስከረም መጀመሪያ፣ የእኛ ሰፈርና የሸዋ በር ልጆች በፈላና በር ሥር በየዓመቱ ይጋጠሙ ነበር። ከየወገኑ ሦስት ሦስት ልጆች ይጫወታሉ፤ ሁለት ያሸነፈ ወገን ዓመቱን ሙሉ ይኩራራል። የእኛዎቹ ሁለት ዓመት በተከታታይ ተሸንፈው ነበር። የዚያን ጊዜ ከሦስቱ አንዱ ከእናቱ ጋር ድሬዳዋ ስለሄደ ሰው ጎደለ። ሙና ሁሉንም በዓይኗ ስትቃኝ ቆይታ እኔ ላይ ቆመች። አንዱ ልጅ «የውጪዋ ናት፣ ለነሱ ብትሸነፍላቸውስ?» አለ። ሙና ወደ እኔ ጎንበስ ብላ በጆሮዬ፣ ከተሸነፍሁ ደረጃው ላይ እንዳታየኝ ነገረችኝ።

ሙና የመጀመሪያውን አሸነፈች። ሁለተኛው ልጃችን ተሸነፈ። ሦስተኛዋ እኔ ነበርሁ፤ ከፊቴ ልትቀመጥ የመጣችውም ሄለን ሆነች። ከጥር ወዲህ ቁመት ጨምራለች፤ ፀጉሯን የምትሠራበት አሠራር ግን ያው ነበር።

«ግንብ ውስጥ ገብተሽ ረሳሽን አይደል?» አለችኝ ካርዷን እየደረደረች።

አልረሳኋትም ነበር፤ እኔም ካርዴን ደረደርሁ።

ሄለን በጎሽ ዶሮዬን መታች፤ ፍየሌ ተገልጣ ብትደርስለትም ሦስትና አራት ስምንትን አይችሉም፤ ተሰበረ። እኔ አንድ በሯን ሰበርሁ። በዝሆን ኤሊዬን መታች፤ አህያው ደረሰለት፣ ስምንት ሆኑ፣ ዝሆኑ ዘጠኝ ነው፤ ተሰበረ። እኔም ሁለተኛ በሯን ሰበርሁ። ከእንግዲህ ለሁለታችንም ለመሸነፍ አንድ በር ነው የቀረን፤ ተራውም የሷ ነበር። አንበሳዋን አወጣች። ፊቴ ላይ ፍየልና አህያ ተገልጠዋል፤ መሃላቸው ያለው ገና አልታየም። ፍየሌን ብትመታ ኖሮ አልቆልኝ ነበር፤ ይህን ለባለቤቴም ስነግረው አልደበቅሁትም። ነገር ግን በዚያ ጨዋታ ሁሉም ከሁሉ የሚያንሰውን ካርድ መሃል ይደብቅ ነበርና፣ ሄለን አንበሳዋን መሃሉ ላይ አሳረፈችው።

ገለጥሁት። ጅቡ፣ በተሰረዘው ሁለትና በሙና ዘጠኝ።

ጩኸቱ የበሩን ድንጋይ ያናጋ መሰለኝ። የሸዋ በር ልጆች በእስክሪብቶ የተጻፈ አይቆጠርም፣ ጅብ ሁለት ነው አሉ። የእኛዎቹ በጀጎል ጅብ ዘጠኝ ነው፣ አንድ ጎረቤት ከደረሰለት አንበሳን ይችላል አሉ። አንዱ የአንዱን ኮሌታ ያዘ። ሙና ተነሥታ፣ ጅብ ሁለት ነው የሚል ካለ ማታ ብቻውን እዚህ በር ላይ ይቁምና ያረጋግጥ ስትል፣ ካርዶቹ ሊበተኑ ምንም አልቀራቸውም ነበር። ሁሉም በጅቡ ቁጥር ሲጨቃጨቁ፣ በሁለትም ቢሆን ሁለቱንም ጎረቤቶች ደምሮ ያየ አልነበረም።

«ሁለት ይሁን» አልሁ።

ሙና ዞር ብላ አየችኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ያየኝ ሰው የለም፤ ሰፈሩን እንደሸጥሁት ነው ያየችኝ። «ምን አልሽ አንቺ?»

«ሁለት ይሁን። ነው። ፍየሉ አረንጓዴ ነው፣ አራት። አህያው አረንጓዴ ነው፣ አምስት። ጅቡም አረንጓዴ ነው። ቁጠሩት።»

ሁሉም ካርዶቹ ላይ ጎንበስ አሉ። ሄለን በጣቷ እየነካች ቆጠረች፤ መልሳም ቆጠረች። አሥራ አንድ። አንበሳዋን ቀስ ብላ ወደ እኔ ገፋችው። ከዚያ ተራው የእኔ ሆነና ነብሬን አሳርፌ ሦስተኛ በሯን ሰበርሁ። ስትነሣ ግን ፈገግ ብላ፣ ይህን ተንኮል የትኛው አስተማሪ እንዳስተማረኝ ጠየቀችኝ፤ እሁድ ቤታችን መጥታ አዴ ፋጡማን አሳየኋት።

ያን ቀን ወደ ቤት ስንመለስ ሙና በመኪና ግርግር በኩል እንሂድ አለች፤ መንገዱ ዞሮ የሚሄድ ቢሆንም። የአባቴ ሱቅ ፊት ስንደርስ ቆማ «ጋሼ፣ ሰናይት አሸነፈች» አለችው። በስሜ ስትጠራኝ የመጀመሪያዋ ነበር። አባቴ እግሩን ከመኪናው ላይ አነሣ፤ የሱ መኪና ሲቆም የጎረቤቶቹ ሲንጓጓ ብቻውን ይሰማኝ ነበር። እንዴት እንደሆነ አስነገረንና፣ ከዚያ ወዲያ ልብስ ሊያሰፋ የመጣውን ሰው ሁሉ ትከሻውን እየለካ ይህንኑ ሲነግረው ከረመ። የአንዳንዱን ልኬት ተሳስቷል ይባል ነበር። አዴ ፋጡማ ደግሞ ሲነገራቸው «ማሻአላህ» ብለው ሥራቸውን ቀጠሉ፤ ቆይተው ግን ጅቡ በመጨረሻ በስንት ተቆጠረ ብለው ጠየቁኝ። ሁለት ስላቸው ቅር አላቸው።

ደረጃው ላይ ሌላ ሦስት ክረምት ተቀመጥሁ። በኋላ ሙና ወደ አጎቷ ሄደች፣ ማስቲካውም መምጣት ቀረ፣ አዴ ፋጡማም አረፉ። አባቴ በመጨረሻ ዘመኑ ዓይኑ ደክሞ መርፌ ማስገባት ሲያቅተው ጣሳውን ለእኔ ሰጠኝ፤ ከረጢቷን ከቁልፎቹ ሥር ያኖራት እሱ መሆኑን ያወቅሁት አሁን ነው።

ባለቤቴ ባረፈ በአርባኛው ቀን እኅቶቹ ልብሱን ለማከፋፈል ሲመጡ፣ ለራሴ የማስቀረውን እንድመርጥ አልጋው ላይ ዘረጉልኝ። ከላይ የሠርጋችን ሱፍ ነበረ። አንሥቼ አየሁትና መልሼ አስቀመጥሁት። ያስቀረሁት ክርኑ ያለቀውን ሹራቡን፣ ማለዳ ለዳቦ ሲወጣ የሚለብሰውን ካፖርቱን፣ የቤት ነጠላ ጫማውን ነበር፤ በየቀኑ ጎን ለጎን የኖሩትን። ታላቅ እኅቱ አዝና «ይሄን አሮጌውን ነው የምትይዢው?» አለችኝ። ያን ጊዜ ለምን እንደዚያ እንዳደረግሁ ለራሴም አልገባኝም ነበር።

ትናንት ልጄ አሥሩን ካርዶች አልጋው ላይ ደርድራ ጅቡን አነሣች፤ የተሰረዘውን ሁለትና የሙናን ዘጠኝ አይታ የትኛው እንደሆነ ጠየቀችኝ። ሁለት ነው አልኋት። ለእንግዳ ስነግር በከፊል ሰምታ ኖሮ፣ ታዲያ አንበሳን እንዴት ቻለ አለችኝ። ያኔ ዙሪያዬን ሁሉም ከቦ፣ አዛኑ እየቀረበ ነበር የመረጥሁት፤ አሁን የሚያስቸኩለኝ ሰው የለም፣ ቤቱ ጸጥ ያለ ነው፣ ከምን እንደምጀምር ግን ያኔ ካወቅሁት የተሻለ አላውቅም። ልጄን ከአጠገቤ አስቀመጥኋት፤ ፍየሉን በግራ፣ አህያውን በቀኝ አደረግሁላትና፣ አባቷ «ንገሪያቸው» ሲለኝ ከምጀምርበት ቦታ ጀመርሁላት።